ክርስትና እናትሽ ማናት

ዓርብ ለዓረብ አገር ሰው ጁምዓ ነው፤ ለአመለወርቅ ግን እሑድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ለምትውል ሴት ማዳም የለቀቀችው ቀን ሁሉ እሑድ ነው፤ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማን ይከራከራል። መዲናት ኸሊፋ ካለው ቪላ ከመውጣቷ በፊት የማዳምን ባል የባባን ነጭ ቀሚስ ተኩሳ ሰቅላለች፣ ለልጆቹ ቁርስ አሰናድታለች፣ «ያላ፣ ማታ እንዳትዘገዪ» የሚለውን የማዳምን ምርቃትም ተቀብላለች። ነጠላዋን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ሴቶቹ ፍተሻውን ካለፉ በኋላ ነው ከየፌስታላቸው ነጠላ የሚያወጡት። ከበሩ ወዲያ ሁሉም ሸጋላ፣ የቤት ሠራተኛ ነው፤ ከበሩ ወዲህ ሁሉም ወይዘሮ። ውስጥ ሕንዱም ፊሊፒኖውም ግብፁም በየራሱ ቤት ይቀድሳል፤ ሕንፃዎቹ አሸዋማ ቀለም የተቀቡ፣ ከውጭ መስቀል የማይታይባቸው ናቸው። እንግዳ ሰው ቢያያቸው ትምህርት ቤት ይመስሉታል።

ያን ዓርብ ጠዋት ደምሰው ከሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የማጠፊያ ወንበሩን ጥላ ሥር ዘርግቶ ይስል ነበር። ደምሰው ሙንተዛህ አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር፣ በአንድ አማካሪ ድርጅት የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ «ኢንጂነር፣ ውስጡን እንደ አገራችን አድርገን እንድናስተካክለው እስቲ ሥለህ አሳየን» ብሎት፣ ዓርብ ዓርብ ሥራው ይኸው ሆኖ ከርሟል። አሁን ግን ወደ ማብቂያው ነው። አዲስ አበባ አንድ የቆየ ካቴድራል ሊታደስ ስለሆነ፣ ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን መስኮትና ቅስት በእጁ የሚስል ሰው ተፈልጎ እሱን አገኙት። በሚመጣው ወር ልጁን ገሊላን ይዞ ጠቅልሎ ሊገባ ነው። አመለወርቅንም ይዞ መግባት ይፈልጋል፤ ሚስቱ አድርጎ። የታሪካችን ጣጣ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አመለወርቅ ከሩቅ አየችው። የተጎነበሰ አንገቱን፣ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ፣ እግሩ ሥር ተቀምጣ በራሷ ወረቀት ላይ የምትሞነጫጭረውን ልጅ አየች። ምንም አልተሰማትም። የፍቅር ታሪክ እየነገርኳችሁ ምንም አልተሰማትም ስላችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። የልጅቷ እናት ማክዳ ከሞተች ወዲህ አመለወርቅ እንዲሁ ናት። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ሲስቁ ትስቃለች። ሐዘን እንዳትሉት እንባ የለውም። ተናኘ የምትባለው ጓደኛዋ «አንቺን ሰው ቢቆነጥጥሽ ነገ ነው አህ የምትይው» ትላታለች።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ካልመለስኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ገሊላ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ልትነሳ የተዘጋጀች ዕለት፣ ክርስትና እናት እንድትሆናት የተመረጠችው ተናኘ ነበረች። ተናኘና ማክዳ አብረው ያደጉ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ተናኘ ነጠላዋን አጥባ፣ ለልጅቷ ቀሚስ ገዝታ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስዳት አደረች። ጠዋት የማዳሟ እንግዶች መጡ፤ ዛሬ ፈቃድ የለም ተባለች፣ ኸላስ። ስልክ ደውላ እያለቀሰች ተናገረች። ቄሱ ቆመዋል፣ ውኃው ተዘጋጅቷል። ማክዳ ዞር ዞር ብላ ሴቶቹን ስታይ ዓይኗ አመለወርቅ ላይ አረፈ። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበራቸውም።

«እህቴ፣ ታነሺልኛለሽ?» አለቻት።

«እኔ?» አለች አመለወርቅ።

«አንቺ። ፊትሽ ደስ ይለኛል።»

እምቢ የማይባል ነገር አለ። አመለወርቅ ልጅቷን ታቀፈች፣ ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ ልጅቷ ሰይጣንን ካደች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስለ ልጅቷ አመነች። ከውኃው ሲያወጧት የተቀበለቻት እሷ ናት። በዚያች ጠዋት የመዲናት ኸሊፋዋ ሠራተኛ የኢንጂነር ደምሰው አበልጅ ሆነች። አበልጅነት ደግሞ እንደ ዋዛ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ዓይን የልጅ አባትና ክርስትና እናት ወንድምና እህት ናቸው። ወንድምና እህት አይጋቡም። ያኔ ይህን ማን አሰበው? ደምሰው ባለ ትዳር ነው፣ እሷ ለቤተሰቧ የምትለፋ ልጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ከቅዳሴ መልስ ሙንተዛህ እነሱ ቤት መዋል ለመደች። ደምሰውን መጀመሪያ እርስዎ ትለው ነበር፤ ማክዳ ናት «ምን እርስዎ ትይዋለሽ፣ ወንድምሽ አይደል» ብላ አንተ ያስባለቻት። ማክዳ ታመመች። የበሽታው ስም ረጅም ነበር፣ ዕድሜው አጭር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና የአመለወርቅን እጅ ያዘችና «ልጄን ያነሳሻት አንቺ ነሽ፤ አደራዬ አንቺ ላይ ነው» አለቻት። አስከሬኗ አገር ገባ። አመለወርቅ ዓርብ ዓርብ መምጣቷን ቀጠለች፤ የገሊላን ፀጉር ትሠራለች፣ ጥፍሯን ትቆርጣለች፣ ለሳምንቱ ወጥ ሠርታ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልጅቷ «እማወርቅ» ትላታለች።

ደምሰው «አበልጄ» ነበር የሚላት። «አበልጄ ደህና ዋልሽ፣ አበልጄ እጅሽን ይባርከው።» አንድ ዓርብ በር ላይ ሊሸኛት ቆሞ «አመለወርቅ» አላት። ስሟን ብቻ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም መሬት መሬት አየ። ሁለቱም ምን እንደሆነ ገባቸው፣ ሁለቱም እንዳልገባው ሰው ተሰነባበቱ። ከዚያ ወዲህ አበልጄ ብሏት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት በድምፅ መልእክት ጠየቃት። «አብረን እንግባ። አግቢኝ። እኔም ገሊላም ያላንቺ ቤት የለንም» የሚል ነበር። መልእክቱን ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ሰማችው። ደግማም አልሰማችው። ስታስብ ውላ «ያለ ቁርባን አላገባም» ብላ ላከችለት። አበልጅን የሚያቆርብ ቄስ የለምና በሩን ዘጋሁት ብላ ነው። ከዚያ ተመልሳ ወደ ካውያዋ፤ ሸሚዝ አልተቃጠለ፣ ጣት አልተቃጠለ።

ወደዚያ ዓርብ ጠዋት እንመለስ፤ ደምሰው አያትና እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«አመለወርቅ፣ እዚያ በሩ ጋ ቁሚልኝ።»

«ምን ላደርግ?»

«ምንም። ሰው ካልቆመበት የሕንፃ ልኩ አይታወቅም። በሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚነግረኝ አጠገቡ ያለው ሰው ነው።»

በሴቶች መግቢያ በኩል ሄዳ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ደምሰው ቀና እያለ ያያታል፣ ጎንበስ እያለ ይስላል። ሲያያት ለሥራ ነው፤ ግን ለሥራ የሚበቃውን ያህል አይቶ ሲያበቃ ዓይኑን አላነሳም። እሷም አልሸሸችም። አበልጅ አበልጁን እንዲህ አያይም። ስንት ወር በሳህንና በስኒ ማቀበል ሰበብ፣ በልጅ ጫማ ማሰር ሰበብ የተሰረቀ እይታ ያን ጠዋት በግልጽ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆነ።

ሥራውን ትቶ ወደ እሷ መጣ። «መልስሽን ደጋግሜ ሰማሁት» አላት።

«እንግዲያው ገብቶሃል።»

«በደንብ ነዋ። ያለ ቁርባን አላገባም አልሽ። እኔስ መቼ ያለ ቁርባን ላግባሽ አልኩ? ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ እሺ አለችኝ እያልኩ።»

እሷ እምቢ ያለችበትን ቃል እሱ እሺታ አድርጎ ሳምንት ሙሉ ሲደሰትበት ከርሟል። ሰው የፈለገውን ነው የሚሰማው።

«ደምሰው፣ እኛ እኮ አበልጅ ነን።»

«ነን። ማን ያውቃል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያጠመቋት ቄስ አገር ከገቡ ቆዩ። ቀሲስ አባተ አዲስ ናቸው። ያን ቀን የነበሩት ሰዎች አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ተበትነዋል። ተናኘን አነጋግሬያታለሁ፤ ያነሳኋት እኔ ነኝ ትላለች። በማክዳ ሐሳብ እኮ ተናኘ ናት። የአንዲት ማዳም እንግዳ ስለመጣ እኔና አንቺ ዕድሜ ልካችንን እንቀጣ?»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልንዋሽ?»

«እግዚአብሔር ልባችንን ያውቀዋል። አመለወርቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና እተውሻለሁ። ትወጂኛለሽ?»

ውስጧን ፈለገችው። መውደዱን ፈለገች፣ ፍርሃቱን ፈለገች፣ ሌላው ቢቀር ቁጣ ፈለገች። ባዶ ነበር። ከፊቷ የቆመው ሰው በሚመጣው ወር ይሄዳል፤ ከእሱ ጋር ፀጉሯን የምትሠራላት ልጅ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ዓርብ ማለት ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚሰማ ሰው አሰበችው።

«እሺ፣ እንዳልከው ይሁን» አለች። ማዳም ሻይ አምጪ ስትላት እሺ በምትልበት ድምፅ ነበር። ደምሰው ድምፁን አልሰማም፤ ቃሉን ብቻ ሰምቶ ፊቱ በራ። ያ ብርሃኑ ነው ያሳዘናት፤ እሱንም ካለፈ በኋላ ነው ያወቀችው።

ከቅዳሴ በኋላ ተናኘ መጣች። ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ገና ሳትደርስ ማውራት ጀምራለች።

«አንቺ ደግሞ ፊትሽን ፍቺው እንጂ። ሠርግ ነው፣ ለቅሶ አይደለም።»

«ተናኘ፣ አትፈሪም?»

ተናኘ መነጽሯን አወረደች። «ምኑን እፈራለሁ? ያን ቀን ቀሚሷን ገዝቼ፣ ነጠላዬን አጥቤ፣ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስልጥ ነው የዋልኩት። የጓደኛዬን ልጅ ማንሳት የእኔ ነበር። አሁን አነሳኋት ብል ግማሹ እውነት ነው።» ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረና ሳል አስመሰለችው። «አንቺም ሰው ይኑርሽ። እሱም እናት ያግኝላት። ማክዳ ብትኖር...» ብላ ጀምራ ተወችው። ማክዳ ብትኖር ይህ ሁሉ ባልኖረ። አመለወርቅ የጓደኛዋን ክንድ ያዘች።

የቀሲስ አባተ ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በጨርቅ የተሸፈኑ መጻሕፍት። ቀሲስ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲያወራ ዓይናቸውን ከድነው የሚሰሙ አባት ናቸው። ደምሰውን፣ ሁለቱን ሴቶችና ገሊላን መስቀላቸውን አሳለሟቸው። ደምሰው ጉዳዩን አስረዳ፤ ሚስቴ አርፋለች፣ እሷም ብቸኛ ናት፣ በቁርባን ተጋብተን አገር ልንገባ ነው አለ።

«የተባረከ ሐሳብ ነው» አሉ ቀሲስ። «እንግዲህ ወጉ ነውና ልጠይቅ። የሥጋ ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም አባ።»

«የክርስትና ዝምድናስ?»

«የለንም» አለ ደምሰው። ቶሎ ነው ያለው።

«ልጅቷን ማን አነሳት?»

«እኔ ነኝ አባ» አለች ተናኘ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ቀሲስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አልቋል። አመለወርቅ ወለሉን እያየች ነበር፤ የወለሉ ንጣፍ መጋጠሚያ በደንብ አልተወለወለም ብላ አሰበች። እጮኛ የሆነች ሴት ይህን ታስባለች? እሷ አሰበች።

ቀሲስ ሊነሱ ሲሉ ገሊላን አዩና ፈገግ አሉ። ቄስ ሕፃን ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነው።

«የኔ እመቤት፣ ስምሽ ማነው?»

«ገሊላ።»

«የክርስትና ስምሽስ?»

«ወለተ ማርያም።»

«ጎበዝ። ክርስትና እናትሽ ማናት?»

ገሊላ አባቷን አየች። ደምሰው በቀስታ ራሱን ነቀነቀላት። ጠዋት መኪና ውስጥ ጨዋታ ነው ብሎ አስጠንቷታል፤ አባ ሲጠይቁሽ እንዲህ በይ፣ ከዚያ አይስክሬም እንበላለን ብሏታል። ልጅቷ ትንሿን ጣቷን አነሳችና ወደ ተናኘ ጠቆመች።

«እሷ ናት» አለች።

ይህን ብላ ግን ዞራ የምታየው አመለወርቅን ነበር። ፊደል ስትቆጥር፣ ጫማዋን በራሷ ስታስር፣ ሁልጊዜ ጎበዝ የምትላት እማወርቅ ናትና፤ አሁንም ጎበዝ እስክትላት ጠበቀች።

ያኔ አመለወርቅ ተሰማት። ለረጅም ጊዜ ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚወጋው ሁሉ መላ ሰውነቷን ወጋት። ማክዳ ስትሞት ያላመማት ሕመም፣ ደምሰው ስሟን ሲጠራ ያልሰማችው ደስታ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት። ልጄ ካደችኝ። እኔን ደስ ይበላት ብላ ካደችኝ።

«አይደለችም» አለች።

ቀሲስ ዞሩ። ደምሰው «አመለወርቅ» አለ፣ ለምኖ ነው ያለው።

«አባ፣ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን የካድኩላት እኔ ነኝ። ከውኃው ስትወጣ እዚህ ነው የተቀበልኳት» አለች ደረቷን ይዛ። «ተናኘ ለእኔ ብላ ነው፤ ኃጢአቱን በእኔ ያድርጉት። እሷ ግን ክርስትና እናት አላት። እኔ ነኝ።»

ተናኘ አቀርቅራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀሲስ አባተ የከደኑትን ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ በዚህ ቃልሽ ምን እንደሚቀርብሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባ።»

«እንግዲያው እኔ የምጨምርበት የለኝም። ወንድምሽ ነው፤ ላጋባችሁ አልችልም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ደምሰው ከወንበሩ ተነስቶ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ውጭ፣ ጥላው ዞሮ ወንበሩ ፀሐይ ላይ ቀርቷል። ደምሰው እርሳሶቹን ይሰበስባል፤ የሰበሰበው መልሶ ይወድቃል። አመለወርቅ ገሊላን በእጇ ይዛ ደረሰችበት።

«ዝም ብትይ ኖሮ» አላት ሳያያት። «አንዲት ደቂቃ ዝም ብትይ ኖሮ ሚስቴ ነበርሽ። እሺ ብለሽኝ አልነበረም?»

«እሺ ያልኩህ እኔና አንተ እንድንዋሽ ነው። እሷ እንድትዋሽ አይደለም። ነገ አድጋ ብትጠይቀን ምን እንላታለን? እናትሽ የሰጠችሽን እናት እንድትክጂ በአይስክሬም ገዛንሽ እንላታለን?»

ደምሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ያዘ። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ግን እንደ ልጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዎች በአጠገባቸው ያልፋሉ፣ አንዳንዱ ዞር ብሎ ያያል። እሱን ለመንካት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ጠዋት የጠየቅከኝን አሁን ልመልስልህ?» አለችው።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?»

«ለአንተ እንጃ። ለእኔ ግን ልበለው። እወድሃለሁ። ጠዋት ብትቆፍረኝ አታገኘውም ነበር፤ እኔም ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አሁን ያመኛል። ሳይህ ያመኛል፣ ስትሄድም ያመኛል። ልጄን ይዘህ ሂድ፣ ካቴድራልህን ሳል፣ በደንብ አሳድጋት። ዓርብ ዓርብ ደውልልኝና ድምፅዋን አሰማኝ። ሌላ ከአንተ የምጠይቀው የለም።»

ደምሰው ቀና አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞ ነቀነቀ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ እሷም ዓይኗን አላሸሸችም፤ የመጨረሻው መሆኑን ሁለቱም አውቀው ሳይቸኩሉ ተያዩ።

ገሊላ የእማወርቅን ቀሚስ ጎተተች።

«ተሳሳትኩ?»

አመለወርቅ ተንበረከከች። «አልተሳሳትሽም የኔ እናት። እኛ ነን የተሳሳትነው።»

«ታዲያ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከእኛ ጋር ትመጫለሽ?»

አመለወርቅ መልስ መስጠት ፈለገች። እንደ ወትሮው በደረቅ ድምፅ አልመጣም ብላ ልትጨርሰው ነበር፤ ግን ማክዳ ስትሞት እንኳ ያልወረደ እንባ በሁለት ጉንጯ ወረደ። ሕፃኗ ደነገጠች። የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ፊቷን ትጠርግላት ጀመር፤ አንዱን ስትጠርግ ሌላው ይመጣል።

«አታልቅሺ» አለቻት።

አመለወርቅ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት።

«ተይኝ ልጄ፣ ላልቅስ።»